ኤድዊን ክሌብስና የሰሙ ዘዴ

የኤድዊን ክሌብስን ስም የሚያውቁ ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ በሁለት ነገር ያስታውሱታል። አንደኛው ጉሮሮ እየዘጋ ሕፃናትን ይፈጅ የነበረውን የዲፍቴሪያን ባክቴሪያ በ1883 ማየቱ ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ በሳንባና በሽንት ቧንቧ ላይ በሽታ የሚያስከትለው ክሌብሲየላ የተባለው ባክቴሪያ በስሙ መጠራቱ ነው። ሦስተኛው ሥራው ግን ከሁለቱ ይልቅ በየቀኑ የሚሠራበት ሆኖ ሳለ የክሌብስ ስም አብሮት አይነሣም። ከሰውነት የተወሰደን ቁራጭ በቀለጠ ፓራፊን ሰም አቅፎ፣ ሰሙ ሲጠነክር በስሱ እየቆረጡ በማይክሮስኮፕ መመርመር እንደሚቻል በ1869 ያስታወቀው እርሱ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ የፓቶሎጂ ላቦራቶሪዎች፣ በአገራችንም ጭምር፣ ከአንድ ሕመምተኛ የተወሰደ እባጭ ነቀርሳ መሆኑና አለመሆኑ የሚለየው በአመዛኙ ከዚህ ዘዴ በበቀለ አሠራር ነው።

ስለ አንድ የፓቶሎጂ ሊቅ በመሐንዲሶች መጽሔት ላይ መጻፍ ከሙያችን የራቀ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ክሌብስን ያጋጠመው ችግር ከሕክምና ይልቅ የቁሳቁስ ችግር ነበር፤ ለስላሳ፣ እርጥብና ክፍተት የበዛበትን ነገር ቅርጹ ሳይበላሽ ከአንድ ሚሊሜትር መቶኛ ባነሰ ውፍረት እንዴት መቁረጥ ይቻላል? መልሱ የተገኘበት መንገድና የሰውዬው ጠባይ ሲነጻጸሩ ደግሞ የሙያ ባልደረቦቻችን ሁሉ ሊያስቡበት የሚገባ ጉዳይ ይወጣል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤድዊን ክሌብስ በፌብሩዋሪ 6 ቀን 1834 በያኔዋ የፕሩስያ ከተማ በኬኒግስበርግ ተወለደ። ይህች ከተማ ዛሬ ካሊኒንግራድ ተብላ በሩስያ ግዛት ውስጥ ትገኛለች። ለሕክምና ትምህርት ወደ ቩርትስቡርግ በሄደ ጊዜ የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነውን መምህር ሩዶልፍ ፊርሆን አገኘ። ፊርሆ በ1858 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ፣ የበሽታ መቀመጫ የደምና የሌሎች ፈሳሾች መዛባት ሳይሆን ሕዋስ መሆኑን ያስተማረ ሰው ነው። ክሌብስ ከ1861 እስከ 1866 በበርሊን የእርሱ ረዳት ሆኖ ከሠራ በኋላ በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ስዊዘርላንዳዊት አግብቶም የዚያን አገር ዜግነት አገኘ።

የፊርሆ ትምህርት በቃል ሲነገር ቀላል፣ በሥራ ሲተረጎም ግን ከባድ ነበር። በሽታን በሕዋስ ውስጥ ለመፈለግ ብርሃን አልፎት የሚሄድ ስስ ቁራጭ ያስፈልጋል። የጉበት ወይም የአንጀት ቁራጭ ግን አብዛኛው ውኃ ስለሆነ ምላጭ ሲነካው ይሸሻል፣ ይጨማደዳል ወይም ይቀደዳል። የዘመኑ ተመራማሪዎች ቁራጩን በአልኮል ወይም በክሮሚክ አሲድ አጠንክረው፣ በሁለት የእንጨት ገለፈት መካከል እያጣበቁ በእጃቸው በምላጭ ይቆርጡት ነበር። ውጤቱ በእጅ ብልሃት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዛሬ የተገኘው ስስ ቁራጭ ነገ ላይደገም ይችላል፤ አንዱ ሊቅ ያየውን ሌላው ለማየት መቻሉም አጠራጣሪ ነበር።

በዚያን ጊዜ ፓራፊን ገና አዲስ ነገር ነበር። ካርል ፎን ራይኸንባኽ የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት በ1830 ከእንጨት ቅጥራን ለይቶ አወጣው። በ1850ዎቹ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ያንግ ከድንጋይ ከሰልና ከዘይት አዘል ድንጋይ በብዛት ማምረት በመጀመሩ የሻማ ኢንዱስትሪ ዋና ጥሬ ዕቃ ሆነ። ጠባዩ ለሥራው የተመቸ ነው፤ በመጠነኛ ሙቀት ይቀልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፣ ምላጭም ሳይሰነጠቅ ይቀበላል፣ ከአብዛኞቹ ኬሚካሎች ጋርም አይዋሐድም። ክሌብስ በ1869 በአንድ የማይክሮስኮፕ ጥናት መጽሔት ላይ ባወጣት፣ ከሦስት ገጽ በማትበልጥ ጽሑፍ፣ ናሙናን በቀለጠ ፓራፊን ውስጥ አስቀምጦ ሰሙና ናሙናው ሲቀዘቅዙ በአንድነት መቁረጥ እንደሚቻል ገለጸ። ጽሑፊቱ የአሠራር ማስታወሻ እንጂ ስለ ሕይወትና ስለ በሽታ ታላቅ ሐሳብ የምታውጅ አልነበረችም።

ዘዴው በዚያው መልክ ፍጹም አልነበረም። ሰሙ ናሙናውን ከውጭ ያቅፈዋል እንጂ ወደ ውስጡ አይዘልቅም ነበር፤ ምክንያቱም ፓራፊንና ውኃ አይቀላቀሉም። በሙያችን ቋንቋ ለመናገር፣ ቧንቧ ሲታጠፍ እንዳይጨማደድ ከውጭ መያዝ አይበቃም፤ ውስጡም በአሸዋ መሞላት አለበት። ለናሙናው ይህን የመሰለውን ሙሌት ያስገኙት ሌሎች ናቸው። በ1881 ኦቶ ቡችሊና ቪልሄልም ጊስብሬኽት የተባሉ የእንስሳት ጥናት ሊቃውንት ክሎሮፎርምን በአልኮልና በሰም መካከል አስታራቂ አድርገው ተጠቀሙ። አልኮል ከውኃም ከክሎሮፎርምም ጋር ይቀላቀላል፤ ክሎሮፎርም ደግሞ ሰምን ያሟሟል። በዚህ መንገድ ውኃው ደረጃ በደረጃ እየወጣ ሰሙ እያንዳንዱን ክፍተት ሞላ።

የዛሬው አሠራርም መሠረቱ ይኸው ነው። ናሙናው መጀመሪያ በፎርማሊን ይደርቃል፤ ይህም ፈርዲናንድ ብሉም በ1893 ያስገኘው ዘዴ ነው። ቀጥሎ ጥንካሬው እየጨመረ በሚሄድ አልኮል ውኃው ይወጣለታል፤ ከዚያም በዛይሊን ውስጥ አልፎ ወደ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት በቀለጠ ሰም ውስጥ ይቆያል። ሰሙ በቅርጽ ማውጫ ከረጋ በኋላ ማይክሮቶም የተባለው የመቁረጫ መሣሪያ ከ4 እስከ 5 ማይክሮን ውፍረት ያለው ቁራጭ ያወጣለታል። ቁራጩ በመስተዋት ላይ ከተዘረጋ በኋላ ሰሙ እንደገና ይሟሟል፣ ናሙናውም ቀለም ይገባበታል። የመስቀል ሠሪ አንጥረኛ በሰም ቅርጽ አውጥቶ ሰሙን አቅልጦ በማፍሰስ ብረቱን እንደሚተካ ሁሉ፣ እዚህም ሰሙ ሥራውን ሲጨርስ ቦታውን ለቆ ይሄዳል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ በጥድፊያ ቢያጥር ጉዳቱ ሳይታይ አይቀርም። ውኃ ከቀረ መካከሉ ለስላሳ ሆኖ ይቀደዳል፤ ሙቀቱ ከበዛ ደግሞ ናሙናው ይጨማደዳል፣ ይደርቃልም።

እንዲህ ያለ ትዕግሥት የሚጠይቅ ዘዴ ከክሌብስ እጅ መውጣቱ ያስገርማል፤ ሰውየው ራሱ ትዕግሥት የጎደለው ነበርና። ቁጡና ተከራካሪ፣ በአንድ ቦታም የማይረጋ ሰው ነበር። በ1870 በፕሩስያና በፈረንሳይ መካከል ጦርነት ሲነሣ ወደ ጀርመን ሄዶ የቁስለኞች ሐኪም ሆነ፤ ጥይት ያቆሰለው ሥጋ ለምን እንደሚመረቅዝ አጠና፣ በቁስሉም ውስጥ ተሐዋስያን አየ። በ1871 ከተማሪው ከቲገል ጋር የአባ ሰንጋን ፈሳሽ በሸክላ ማጣሪያ አሳልፎ፣ የተጣራው ፈሳሽ በሽታውን እንደማያስተላልፍ አሳየ። በሽታ አምጪው ከማጣሪያው በላይ የሚቀረው ደቃቅ አካል መሆኑን የሚያመለክት ብልህ ሙከራ ነበር። በ1872 ወደ ቩርትስቡርግ፣ በ1873 ደግሞ ወደ ፕራግ ተዛወረ።

በ1877 ሙኒክ ላይ በተደረገው የጀርመን የተፈጥሮ ተመራማሪዎችና የሐኪሞች ጉባኤ ክሌብስ የተሐዋስያንን በሽታ አምጪነት ከማስረጃው አስፍቶ ተሟገተ። አሮጌው መምህሩ ፊርሆ ያልተረጋገጠን ነገር እንደ ተረጋገጠ ማስተማር አደገኛ ነው የሚል አቋም ስለነበረው ሁለቱ በሐሳብ ተለያዩ። ዘመን ግን ለሁለቱም በየፊናቸው ፈረደ። ተሐዋስያን በሽታ ያመጣሉ በማለት ክሌብስ ትክክል ነበር፤ ማስረጃው ሳይሟላ መናገር አይገባም በማለት ደግሞ ፊርሆ። ክሌብስ በዚያው ዓመት የሳንባ ነቀርሳን ተሐዋስ አገኘሁ አለ፤ እውነተኛውን ግን ሮበርት ኮኽ በ1882 በማያጠራጥር ሁኔታ አቀረበ። በ1879 ከኢጣልያዊው ቶማዚ ክሩዴሊ ጋር የወባን ባክቴሪያ በሮም አካባቢ ረግረግ አፈር ውስጥ አገኘን ብለው አስታወቁ። በሚቀጥለው ዓመት ፈረንሳዊው ላቭራን በአልጀርያ በሕመምተኞች ደም ውስጥ እውነተኛውን የወባ ተባይ አየ፤ ይህም ከነጭራሹ ባክቴሪያ አልነበረም።

ክሌብስ በ1882 ወደ ዙሪክ ተሾመ። በ1883 ከዲፍቴሪያ ታማሚዎች ጉሮሮ ላይ በሚጋገረው ሽፋን ውስጥ ዘንግ መሰል ባክቴሪያዎችን አይቶ አስታወቀ። ይህን ጊዜ ትክክል ነበር። ሆኖም ቀደም ሲል ብዙ ጊዜ ቸኩሎ ስለተሳሳተ ቃሉ ብቻ አላሳመነም። በ1884 የኮኽ ረዳት የነበረው ፍሪድሪኽ ሌፍለር ባክቴሪያውን ለይቶ አራብቶ፣ በእንስሳት ላይ ሞክሮ፣ ለሐሳቡ የማይመቸውን ነገር እንኳ ሳይደብቅ ጻፈ፤ ባክቴሪያውን በአንድ ጤነኛ ሕፃን ጉሮሮ ውስጥ ማግኘቱንም ገለጸ። ስለዚህ ተሐዋሱ ለረጅም ዘመን የክሌብስና ሌፍለር ባክቴሪያ ተብሎ ተጠራ። ሕፃናትን የታደገው ፀረ መርዝ የተዘጋጀው በዚህ መሠረት ላይ ነው፤ ቤሪንግና ኪታሳቶ የሥራቸውን ፍሬ ያሳተሙት በ1890 ነበር።

የክሌብስ የኋለኛው ዘመን የመቅበዝበዝ ነበር። ከኮኽ ቱበርኩሊን ያወጣውን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ለማስፋፋት ብዙ ደከመ፤ መድኃኒቱ ግን ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። በ1890ዎቹ መጀመሪያ የዙሪኩን ወንበር ለቆ ወደ አሜሪካ ተሻገረ። በ1896 በቺካጎ ከተማ በረሽ የሕክምና ኮሌጅ ማስተማር ጀመረ፤ በ1900 ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በኦክቶበር 23 ቀን 1913፣ በወጣትነቱ ፕሮፌሰር ሆኖ በተሾመባት በበርን ከተማ፣ በ79 ዓመቱ አረፈ። ልጁ አርኖልድ ክሌብስ ሐኪምና የሕክምና ታሪክ ጸሐፊ ሆኖ፣ የሰበሰባቸው ጥንታውያን መጻሕፍት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲን የሕክምና ታሪክ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም ረድተዋል።

ክሌብስ ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ ታላቁ የኅዳር በሽታ ዓለምን ሲያጠቃ፣ በአሜሪካ በአንድ የጦር ሰፈር ውስጥ በ1918 የሞተ ወታደር የሳንባ ቁራጭ በፎርማሊን ደርቆ በፓራፊን ተይዞ ተቀመጠ። በዚያን ጊዜ የበሽታው መንሥኤ ቫይረስ መሆኑን ያወቀ ሰው አልነበረም፤ ስለ ዘረ መል አወቃቀርም ምንም አይታወቅም ነበር። በ1997 በዋሽንግተን የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያንን የሰም ጥፍጥፍ ከመጋዘን አውጥተው የቫይረሱን የዘር ቅንጣቶች አነበቡ። ጥፍጥፉን ያዘጋጀው ባለሙያ ደረጃዎቹን ሁሉ በሚገባ ስለፈጸመ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቀ ማስረጃ ተገኘ።

ክሌብስ በጉባኤ አደባባይ ካወጃቸው ነገሮች ብዙዎቹ ፈርሰዋል፤ ትክክል የነበሩትም ሌላ ሰው እስኪያረጋግጣቸው ድረስ አልጸኑም። የሰሙን ዘዴ ግን ማንም ተከራክሮ አላፈረሰውም፤ ማንም ሰው ራሱ ሞክሮ ሊያየው ይችል ነበርና፤ ጉድለቱንም የተከተሉት ሰዎች በሥራ አሟሉት። እኛም በሙያችን የኮንክሪት ውኃ ማጠጣቱን ቀን ለመቀነስ፣ የግፊት ፍተሻውን ለማሳጠር፣ የመለኪያውን ማስተካከያ ለሚቀጥለው ወር ለማሳለፍ በምንፈተንበት ጊዜ ይህን የሰም ጥፍጥፍ ልናስታውሰው ይገባል። በላቦራቶሪ የሚሠራው ቴክኒሺያን ሰሙ በናሙናው ውስጥ እስኪሰርጽ የሚጠብቀው የሕመምተኛው ዕጣ በዚያች ቁራጭ ላይ ስለሚነበብ ነው፤ በእኛም ሥራ ላይ የሚተማመነው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከፊታችን የለም።