መልካም አየሁ፣ የጎንደሯ የዛር አለቃ

ሐርጌሳ ላይ ሳር የሚሉት መንፈስ (ከብት የሚግጠው ሳር አይደለም) እኛ ዛር የምንለው ነው። ስሙም፣ ከበሮውም፣ ዕጣኑም ይመሳሰላል። ዘንድሮ የታሪክ ገጻችንን ለጎንደሯ የዛር አለቃ ለወይዘሮ መልካም አየሁ የሰጠነው ስለዚህ ነው። ወላጆች አይደንግጡ፤ ልጆቹን ዛር ልናስተምር አይደለም። በካህኑም በሼኹም ዘንድ ነገሩ እንደሚወገዝ እናውቃለን። ሴትዮዋ ግን መታወቅ የሚገባቸው ናቸው።

የኖሩት በጎንደር በኣታ ሰፈር ነው። በ1924 ዓ.ም. በዕድሜ የገፉ፣ ብዙ ተከታይ ያላቸው አለቃ ነበሩ። ዛር ከእናት ወደ ልጅ ያልፋል ስለሚባል ሥራው የቤተ ሰብ ነው፤ ልጃቸው እማዋይሽም ባለዛር ነበረች። ሔዋን ደስ የሚሉትን ልጆቿን ከፈጣሪ ብትደብቅ ተሰውረው ቀሩ፣ ዛሮች እነርሱ ናቸው የሚለው ተረት ዛሬም ይነገራል።

ሕመምተኛ ሲመጣ ዕጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ ይዘፈናል፣ ይጨበጨባል። ሕመምተኛዋ ራሷንና ትከሻዋን እያወዛወዘች ታጓራለች፤ ይህ ጉሪ ይባላል። በመጨረሻ ዛሩ በእርሷ አፍ ስሙን ይናገራል፣ የሚፈልገውንም ይጠይቃል። ዛር ደግሞ አይባረርም፤ ይለመናል፣ ይታረቃል። በግ ወይም ዶሮ ይታረድለታል። የታረደው በግ ሞራ በባለዛሯ ራስ ላይ እንደ ዘውድ ይደረጋል። ከዚያ ወዲያ ሴትዮዋ ብቻዋን አይደለችም፤ ማኅበርተኛ ሆናለች።

በጃፓንና በሌላም አገር መንፈስን የሚያሳይ ሰው ከእንጨት የተቀረጸ ጭምብል ያጠልቃል። በጎንደር ጭምብል የለም። የወይዘሮ መልካም አየሁ ጭምብል የገዛ ፊታቸውና ድምፃቸው ነበር። አባ ዮሴፍን የመሰሉ ብዙ ዛሮች ነበሩባቸው፤ አንዱ መንፈሳዊ፣ አንዱ ጦረኛ፣ አንዷ አገልጋይ። እያንዳንዱ የራሱ ፉከራና አረማመድ አለው። እንግዳው ሲለወጥ፣ ነገሩ ሲለወጥ፣ የሚናገረው ዛርም ይለወጣል።

ይህን የምናውቀው በእንግዳ ብዕር ነው። ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ያቋረጠው የፈረንሳዮች የጥናት ቡድን በማርሴል ግሪዮል መሪነት በሱዳን በኩል ጎንደር ገባ፤ ከ1924 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ እስከ 1925 ዓ.ም. ኅዳርም ቆየ። ጸሐፊው ገጣሚው ሚሼል ሌሪስ ነበር። እርሱና ኤርትራ የተወለዱት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ በወይዘሮ መልካም አየሁ ቤት ስንት ሌሊት አደሩ። አባ ጀሮም ባይኖሩ ሌሪስ ምን ይሰማ ነበር? እንጃ።

ለሚታረደው ከብት ገንዘብ የሚሰጠው ቡድኑ ነበር። ሌሪስ እያደር ቅር አለው፤ እናትና ልጅ ገንዘብ የሚወዱ መሰሉት። እኛ ግን ቅሬታው አይገባንም። ያን ሁሉ ሰው ቡና የሚያጠጣ ቤት ወጪ አለው። ደግሞም የእርሱ ጓደኞች በዚያው ሰሞን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አውርደው በምትኩ ቅጂ ሰቅለዋል። ሥዕሎቹ ዛሬ ፓሪስ ናቸው።

ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ ብሪታኒያዊው ኢዮአን ሉዊስ እዚሁ ሶማሊላንድ መጥቶ አጠና። ሳር የያዛት ሚስት መንፈሱ በአፏ ሆኖ አዲስ ልብስ፣ ሽቶና ጥሩ ምግብ እንደሚጠይቅላት ጻፈ። በራሷ ስም ብትጠይቅ ባሏ የማይሰማትን ማለት ነው። ይህን ስናነብ የበኣታው ቤት ለምን በሴቶች ይሞላ እንደነበር ትንሽ ገባን።

ሌሪስ የጎንደር ማስታወሻውን እ.ኤ.አ. በ1934 አሳተመ። በ1958 ደግሞ የጎንደርን ዛር ከቴአትር ጋር እያነጻጸረ ሌላ መጽሐፍ ጻፈ፤ ተዋናይዋ ራሷ የምታምንበት፣ የምትኖረው ቴአትር ነው ብሎ። ሁለቱም በፈረንሳይኛ ናቸው። አባ ጀሮም በዚያ ቤት የሰሙትን እየተከታተሉ የጻፉባቸው ደብተሮችም እዚያው ፓሪስ ቀርተዋል፤ የዛሮቹ ፉከራ በእነርሱ ውስጥ በአማርኛ ተጽፎ ይገኛል።