የራሷን ድምፅ ሳትሰማ የተናገረችው ሴት



ባለፈው ወር በእሁዱ የንባብ ክፍላችን የሆነውን በቦታው የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ አንዲት እህታችን የቁጠባ ስብሰባችንን ቃለ ጉባኤ ጮክ ብለው ለማንበብ ተነሡ። ፊደል መቁጠር ከጀመሩ ገና ስምንት ወራቸው ነው። ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ አንድ ቃል አልወጣ አላቸው። ደገሙት፤ እንደገና ሞከሩ። ከኋላ ሳቅ ተሰማ፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም። እኔ ግን ከሳቁ የባሰ አደረግኩ። ሰዓቱ ሄዷል ብዬ ወረቀቱን ከእጃቸው ወሰድኩና የቀረውን ራሴ አነበብኩት። ከዚያ ወዲህ ሁለት እሁድ አልመጡም።

ይህን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ትዝ የምትለኝ ሄለን ኬለር ናት። ማየትም መስማትም ሳትችል ለታላቅ ደረጃ የበቃች ሴት መሆኗን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ሲወራልን የምንሰማው ግን አብዛኛውን ጊዜ የልጅነቷን ታሪክ ነው። በአፏ ለመናገር ስንት ዓመት እንደደከመች፣ ድካሟስ የት እንዳደረሳት እምብዛም አይነገርም። ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ይህንኑ ነው።

ሄለን የተወለደችው ጁን 27 ቀን 1880 በአሜሪካ፣ አላባማ ግዛት፣ ተስከምቢያ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስትወለድ ዓይኗም ጆሮዋም ደህና ነበር። በ19 ወሯ ኃይለኛ ትኩሳት ያዛት። ከሞት ተረፈች፤ ነገር ግን ማየቷና መስማቷ አብሮ ሄደ። ከመታመሟ በፊት አፏን መፍታት ጀምራ ነበርና፣ ውሃ ለማለት የምታሰማው ኮልታፋ ድምፅ ከበሽታው በኋላም አልጠፋባትም። ሌሎቹ ቃላት ግን ጠፉ። ቃልን የምንቀዳው ከሌላ ሰው አፍ በጆሯችን ነውና፣ የማይሰማ ልጅ ድምፅ ቢኖረውም ቃል አያገኝም። ሰባት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ወራት እስኪቀሩ ድረስ የፈለገችውን በእጇ እያመለከተች፣ ሳይገባቸው ሲቀር እየጮኸችና መሬት ላይ እየተንፈራፈረች ኖረች።

ማርች 3 ቀን 1887 አን ሱሊቫን የምትባል የሃያ ዓመት ወጣት አስተማሪ ሆና ከቦስተን መጣች። የአንም ታሪክ ለእኛ የሚነግረን ነገር አለ። በድህነት የተወለደች፣ እናቷን በልጅነቷ ያጣች፣ ትራኮማ ዓይኗን የጎዳባት ልጅ ነበረች። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ ድሆች መጠለያ ተላከች፤ ወንድሟም እዚያው ሞተባት። በዚያን ጊዜ ቦስተን ይገኝ በነበረው የፐርኪንስ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስትገባ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ማንበብም መጻፍም አታውቅም። በዕድሜ ከእርሷ በጣም ከሚያንሱ ሕፃናት ጋር ተቀምጣ ፊደል ጀመረች፤ በስድስት ዓመቷም ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ተመረቀች። ዘግይቶ የመጀመርን እፍረት የምታውቅ ሰው ነበረች ማለት ነው።

አን የተጠቀመችበት ዘዴ የጣት ፊደል ነው። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የጣት ቅርጽ አለው፤ ያንን በልጅቷ መዳፍ ላይ ትሠራለች። መጀመሪያ አሻንጉሊት ሰጠቻትና ስሙን በመዳፏ ጻፈችላት። ሄለን ጨዋታ መስሏት ደገመችው። እንዲህ እየተባለ አንድ ወር አለፈ። ልጅቷ ብዙ ቃል በጣቷ መድገም ቻለች፤ ግን ቃል ማለት የነገር ስም መሆኑ አልገባትም። ኩባያውንና በውስጡ ያለውን ውሃ መለየት አቃታት። ኤፕሪል 5 ቀን አን ወደ ግቢው የውሃ ፓምፕ ወሰደቻትና አንዱን እጇን ከሚወርደው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር አድርጋ፣ በሌላው መዳፏ ላይ የውሃን ስም ደጋግማ ጻፈችላት። ያን ጊዜ በራላት። በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሠላሳ ያህል አዳዲስ ቃላት ጨመረች። ፊልሙም ተረቱም እዚህ ላይ ያበቃል። እኛ ግን ከዚያ ቅጽበት በፊት ምንም ፍሬ ሳይታይበት ያለፈውን አንድ ወር አንርሳ። ያ ወር ባይኖር ኖሮ ውሃው ውሃ ብቻ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ ሄለን፣ አንዲት ማየትና መስማት የተሳናት የኖርዌይ ልጅ በአፏ መናገር እንደተማረች ሰማች። እኔም እናገራለሁ ብላ ያዘች። ማርች 1890 አን፣ ቦስተን ውስጥ የሆረስ ማን ትምህርት ቤት ኃላፊ ወደነበረችው ወደ ሳራ ፉለር ወሰደቻት። ሳራ ስትናገር የሄለንን እጅ በፊቷ ላይ ታሳርፋለች፤ ከንፈሯና ምላሷ የት እንደሚሆኑ ልጅቷ በጣቷ ትዳስሳለች፤ ከዚያ በራሷ አፍ ትሞክራለች። በመጀመሪያው ሰዓት ስድስት ድምፆችን ለየች። ከሳራ ያገኘችው ትምህርት በጠቅላላ አሥራ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሯ አየሩ ሞቃት ነው የሚል ተራ ነገር ነበር፤ እርሷ ግን በሕይወቷ ሙሉ አልረሳችውም።

ይሁንና በአሥራ አንድ ትምህርት ተናጋሪ አልሆነችም። በዚያን ጊዜ ከሁለቱ አስተማሪዎቿ በቀር ሌላ ሰው ቢሰማት ከመቶ ቃል አንዱን እንኳ እንደማይረዳላት ራሷ ጽፋለች። ከዚያ በኋላ ሥራው ከአን ጋር ሆነ። አንዷን ቃል፣ አንዷን ዓረፍተ ነገር ለሰዓታት መመላለስ ነበር። ተስፋ ስትቆርጥ የሚያበረታት አንድ ሐሳብ ነበራት፤ ቤቷ ስትመለስ ታናሽ እህቷ ሚልድረድ ስትናገር ትረዳታለች። በእጅ ፊደል የማታውቅ ሕፃን በአፍ ከተናገሯት ትሰማለች። እንደተመኘችውም ሆነ። ባቡሩ ተስከምቢያ ሲደርስ ቤተሰቡ ጣቢያው ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። እናቷ አቅፋት በደስታ እየተንቀጠቀጠች እያንዳንዱን ቃል ሰማች፤ ትንሿ እህቷ እጇን ይዛ እየሳመች ዘለለች፤ አባቷ ቃል ሳይወጣው በፍቅር ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ግን እንደዚያ ቀን ጣፋጭ አልነበሩም። ከ1894 ጀምሮ ሁለት ዓመት ኒው ዮርክ በሚገኝ መስማት የተሳናቸው ትምህርት ቤት ንግግር ተማረች፤ እርሷም አስተማሪዎቿም የተመኙትን ያህል አልተሳካም። ምክንያቱን ማየት አያዳግትም። እኛ ስንናገር ጆሯችን በየቅጽበቱ ያርመናል፤ ከፍ ሲል ዝቅ እናደርገዋለን፣ ሲጠብቅ እናላላዋለን። እርሷ የነበራት በጉሮሮዋ የሚሰማት ንዝረትና የሚያዳምጣት ሰው ፍርድ ብቻ ነው። ዛሬ ያገኘችውን ድምፅ ነገ የምትፈልግበት ምልክት አልነበራትም።

በ1904 ከራድክሊፍ ኮሌጅ በማዕረግ ተመረቀች። መጽሐፍ ጽፋለች፣ ስሟ በዓለም ታውቋል፤ እዚህ ላይ በቃኝ ብትል ማንም አይፈርድባትም ነበር። እርሷ ግን በሠላሳ ዓመቷ፣ በ1910፣ ቻርልስ ኋይት ከሚባል የዘፈን መምህር ጋር እንደገና ከትንፋሽ አሳሳብ ጀመረች። ሦስት ዓመት ያህል ድምፅ ማጠንከርን፣ ከፍና ዝቅ ማድረግን ተለማመደች።

ፌብሩዋሪ 1913 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሞንትክሌር በምትባል ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በአዳራሽ ንግግር ልታደርግ ወጣች። ፍርሃት አፏን ያዘው። በመጨረሻ ድምፅ ሲወጣት ለራሷ እንደ መድፍ የጮኸ መሰላት፤ ሰዎቹ በኋላ እንደነገሯት ግን ሹክሹክታ ነበር። ከመድረክ ስትወርድ አልቻልኩም ብላ አለቀሰች። ሃያ ሦስት ዓመት ከለፋችበት በኋላ ነው ይህ የሆነው።

ሆኖም ተመልሳ ወጣች። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በከተማ ከተማ እየዞረች ተናገረች። ለአድማጩ ያልጠራውን አን፣ በኋላም ሌላዋ ረዳቷ ፖሊ ቶምሰን ትደግምላት ነበር። ለሴቶች የመምረጥ መብት ተናገረች፤ ለዓይነ ስውራን ትምህርትና ሥራ ተከራከረች፤ ከሠላሳ በሚበልጡ አገሮች ተዘዋወረች። አን በ1936 ብታርፍም አላቋረጠችም። ድምፅዋ ግን እስከ መጨረሻው እንደሌላው ሰው ድምፅ አልሆነም። በሰባዎቹ ዕድሜዋ ሳለች እጅግ የሚያሳዝናት ዓይኗ አለማየቱ ወይም ጆሮዋ አለመስማቱ ሳይሆን እንደ ሰው አጥርታ አለመናገሯ መሆኑን ሳትደብቅ ገልጻለች። ጁን 1 ቀን 1968 ሰማንያ ስምንት ሊሞላት ጥቂት ሲቀራት አረፈች።

እህቶቼ፣ ይህን ያልኩት ላሳዝናችሁ አይደለም። ልፋት ሁልጊዜ ያሰቡት ድረስ ያደርሳል ብለን ለሰው ብንነግር እንዋሻለን። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ ተረቱ ግን ይሮጣል አላለም። ሄለን በልምምድ ያገኘችው ያማረ ድምፅ አይደለም፤ የልቧን በራሷ አፍ መናገር ነው። የሚደግምላት ሰው ቢያስፈልጋትም የሚቀድማት ሰው አልነበረም። አን ያንን ሁሉ ዓመት ስትሠራ የኖረችው ትልቁ ሥራ መጠበቅ ነበር፤ ቃሉ ተበላሽቶም ቢሆን ከልጅቷ አፍ እስኪወጣ ድረስ።

እኔ አንድ ደቂቃ መጠበቅ አልቻልኩም። ባለፈው ሐሙስ እህታችን ቤት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ስለ ልጆቻቸው፣ ስለ ኑሮ ውድነት አወራን። እመጣለሁም አልመጣምም አላሉኝም። ስነሣ ግን ያንን ቃለ ጉባኤ እንድተውላቸው ጠየቁኝ፤ ተውኩላቸው።

እሁድ ከመጡ ሦስተኛው መስመር ላይ እንደገና ይቆሙ ይሆናል። እባካችሁ፣ እኔን ጨምሮ ማናችንም ቃሉን አንቀማቸው።