የንጉሥ ኤድዋርድ ሐኪም ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ

የትርፍ አንጀት ሕክምና ታሪክ ሲነገር ስሙ ሳይነሣ የማይታለፍ አንድ እንግሊዛዊ ሐኪም አለ፤ ይኸውም ሰር ፍሬድሪክ ትሪቭስ ነው። ታሪኩ ከአንድ ንጉሥ ሕይወትና ከአንድ የዘውድ በዓል ጋራ የተያያዘ ስለ ሆነ፤ በዚያም በዓል ላይ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ተገኝተው ስለ ነበረ፤ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጸው ወደድን። ዘመኑን የጻፍነው እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር ነው፤ በእኛ አቈጣጠር የሆነውን ግን ዓመተ ምሕረት ብለን ለይተነዋል።

ትሪቭስ በ1853 በደቡብ እንግሊዝ ዶርቼስተር በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤት ዕቃ እየሠራ የሚሸጥ ሰው ነበር። በልጅነቱ ዊልያም ባርንስ የተባለ ቄስና ባለቅኔ ከሚያስተምርበት ቤት ገብቶ ተማረ። ከዚያም ወደ ሎንዶን ሄዶ በድኾች ሰፈር በኋይትቻፕል በሚገኘው በሎንዶን ሆስፒታል የሕክምናን ትምህርት ጨርሶ፤ በዚያው የቀዶ ሕክምና ሐኪምና የሰው አካል አስተማሪ ሆነ። በ1884 መልኩና አካሉ ከሰው ሁሉ የተለየ ጆሴፍ ሜሪክ የሚባል ምስኪን፤ ሰው ገንዘብ እየከፈለ ሲያየው፤ ትሪቭስ አገኘው። ይኸው ምስኪን ኋላ መጠጊያ ባጣ ጊዜ ከ1886 እስከ ሞተበት እስከ 1890 ድረስ በሆስፒታሉ ውስጥ ተቀምጦ ተጦረ። ብዙ ሰው ትሪቭስን የሚያውቀው በዚህ ነው፤ እኛ ግን የምናስበው ሌላውን ሥራውን ነው።

ትርፍ አንጀት ማለት በሆድ በስተቀኝ፤ ከትልቁ አንጀት መነሻ ላይ የተንጠለጠለ፤ እንደ ትል የቀጠነ፤ ጫፉ የተደፈነ ቧንቧ ነው። ቀዳዳው በተዘጋ ጊዜ ያብጣል፤ ይመግላል፤ የፈነዳም እንደ ሆነ መግሉ በሆድ ዕቃ ውስጥ ተበትኖ ሰውን ይገድላል። የቀድሞ ሐኪሞች ይህን ሕመም የአንጀት ቍርጠት እያሉ አፒየም በመስጠትና ሆዱን በሙቅ ነገር በመሸፈን ብቻ ይጠባበቁት ነበር። በ1886 ሬጂናልድ ፊትዝ የሚባለው የቦስተን ሐኪም የሕመሙ ሥር ትርፍ አንጀት መሆኑን አስረድቶ፤ ሳይዘገይ ተቈርጦ ይውጣ ብሎ መከረ። ትሪቭስ ግን በዚህ ነገር ጥንቁቅ ነበረ። ሕመሙ በተነሣበት ሰዓት ሆድን መቅደድ መግሉን ይበትነዋል ብሎ ስለ ፈራ፤ ሕመሙ እስኪበርድ ታግሦ ከዚያ በኋላ መቅደድ ይሻላል እያለ አስተማረ፤ ከ1887 ጀምሮም በዚሁ መንገድ ሠራ። ምክሩ ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በርሱ የዳኑ ብዙዎች ናቸው። ዳሩ ግን የሕመሙን ትዕግሥት የሚያውቅ ማን ነው?

በ1900 ታናሺቱ ልጁ በ18 ዓመቷ በዚሁ ሕመም ተያዘች። አባትዮው የሕመሙን ዓይነት ለይቶ ባወቀ ጊዜ መርዙ በሆድ ዕቃዋ ተሠራጭቶ ስለ ነበረ፤ ያማከራቸው ባልንጀሮቹ ከእንግዲህ ወዲህ ኦፕራሲዮን እንደማያድናት ነገሩት። ልጅቱም ሞተች። ለሌላው ሰው ልጅ መድኃኒት የሆነ እጅ ለገዛ ልጁ ሳይሆን መቅረቱ ምን ያህል እንዳቃጠለው መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ በኋላ የንጉሡ ነገር መጣ። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1901 ስለ ሞቱ ልጃቸው ኤድዋርድ ሰባተኛ ዙፋኑን ወርሰው፤ የዘውዱ በዓል ለሰኔ 19 ቀን 1894 ዓመተ ምሕረት ተቈርጦ ነበር። ንጉሡ 60 ዓመት የሆናቸው ወፍራም ሰው ነበሩ። በዓሉ 12 ቀን ሲቀረው ሆዳቸውን ታመሙ። ከየአገሩ መሳፍንትና መልእክተኞች ሎንዶን ገብተው ስለ ነበረ፤ የመጣው ቢመጣ ቀኑ አይለወጥም አሉ። በዚህ ጊዜ ትሪቭስ ከፊታቸው ቀርቦ፤ ያለ ኦፕራሲዮን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ቢሄዱ የሚደርሱት ሬሳ ሆነው መሆኑን ሳይሸፍን እንደ ነገራቸው ይተረካል። ኢሳይያስ ወደ ሕዝቅያስ ገብቶ መሞቱን በነገረው ጊዜም የንጉሡ ሕመም እብጠት ነበር፤ የዳነውም በበለስ ጥፍጥፍ ነው። ትሪቭስ ግን ነቢይ አይደለም፤ ንጉሡ ከቢላዋው በታች ቢሞቱ እንኳንስ ስሙ፤ የመላ አገሩ ሐኪሞች ስም እንደሚጠፋ ያውቅ ነበር። በቤተ መንግሥት የሚኖር ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደግሞ፤ ጥቂት ቀን እንይ ብሎ መመለስ ለተናጋሪው ምን ጊዜም ይቀላል። ይህን መልስ እርሱ አንድ ጊዜ በቤቱ አይቶታል።

ሰኔ 17 ቀን በቀትር ጊዜ በባኪንግሃም ቤተ መንግሥት ንጉሡ የሚያስተኛ መድኃኒት ተሰጣቸው። የ75 ዓመቱ ሽማግሌ ሎርድ ሊስተር፤ የቍስልን መመረዝ በመድኃኒት መከላከልን ያስተማረው፤ ተጠይቆ በነገሩ ተስማምቶ ነበር። ንግሥት አሌክሳንድራ ከባለቤታቸው ራስጌ አልለይም ስላሉ ትሪቭስ እንዲወጡ መለመን አስፈለገው። ሆዱን ቀዶ፤ ከስቡ በታች ጠልቆ፤ መግሉን አግኝቶ አፈሰሰው፤ ሥራውም 40 ደቂቃ ያህል ፈጀ። ትርፍ አንጀቱን ግን አልነካውም፤ በመግል መካከል ቢላዋ ማብዛት አደጋ ነውና። በዚያው ሰዓት በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ለበዓሉ ይለማመዱ የነበሩት መዘምራን ወሬውን በሰሙ ጊዜ ልምምዱን ትተው ምሕላ አደረሱ። ለግብር የተዘጋጀው ምግብም ለሎንዶን ድኾች ታደለ። ንጉሡ በማግሥቱ ባልጋቸው ላይ ቀና ብለው ሲጋራ ያጤሱ ነበር።

በዓሉ ነሐሴ 3 ቀን 1894 ዓመተ ምሕረት ተፈጸመ። የ80 ዓመቱ ሊቀ ጳጳስ ከጕልበታቸው መነሣት ስላቃታቸው፤ ታሞ የተነሣው ንጉሥ ጳጳሱን ደግፎ አነሣ። ከዳግማዊ ምኒልክ ተልከው የሄዱት የንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አባት ልዑል ራስ መኰንን በዚህ በዓል ላይ ነበሩ።

ንጉሡ ትርፍ አንጀታቸውን በሆዳቸው እንደ ያዙ ኖረው በ1910 በሌላ ሕመም ሞቱ። ዛሬ ቢሆን ሰፊ ቅዳጅ እንኳ ባላስፈለጋቸው ይሆናል። በ1980 በጀርመን አገር በኪል ከተማ ኩርት ዜም የሚባል የማኅፀን ሐኪም፤ በእምብርት በኩል ትንሽ ቀዳዳ አበጅቶ ሆዱን በጋዝ ነፍቶ፤ ብርሃንና መስተዋት ያለበትን ቀጭን ቧንቧ ሰድዶ፤ በሌሎች ትንንሽ ቀዳዳዎች ባገባው መሣሪያ ትርፍ አንጀትን ቋጥሮ ቈርጦ አወጣ። የአገሩ የቀዶ ሕክምና ሊቃውንት አላመሰገኑትም፤ ሥራውን እንዲከለከል የጠየቁ ነበሩ። አሁን ግን በሽተኛው ብዙ ጊዜ በማግሥቱ ወደ ቤቱ የሚሄደው በዚሁ መንገድ ነው።

ትሪቭስ በዚያው በ1902 የባሮኔትነት ማዕርግ ተቀበለ፤ ለእንግሊዝ ቀይ መስቀልም አገለገለ፤ ብዙ አገር ዞሮ መጻሕፍት ጻፈ። በኋላ ስዊስ አገር ገብቶ በሎዛን ተቀመጠ። በታኅሣሥ ወር 1923 በ70 ዓመቱ ሞተ፤ የገደለውም ልጁን የገደለው ያው የሆድ ዕቃ ሽፋን መመርቀዝ ነው። ዐመዱ ወደ ዶርቼስተር ተወስዶ ተቀበረ። ያገሩ ልጅ ደራሲው ቶማስ ሃርዲ በ83 ዓመቱ፤ በጥር ብርድ፤ ከመቃብሩ አጠገብ ቆሞ ነበር፤ የሚዘመሩትን መዝሙሮችም የመረጠው እርሱ ነው።