ኦታካር ቦሩፍካ፦ ከሞራቪያ የኤሌክትሪክ መስመር እስከ ገመድ አልባ መረብ

ቼካዊው የሒሳብ ሊቅ ኦታካር ቦሩፍካ እ.ኤ.አ. በ1899 በሞራቪያ፣ ኡኸርስኪ ኦስትሮህ በተባለች ከተማ ተወለደ። ትምህርቱን በብርኖ ከተማ ተከታትሎ በዚያው በማሳሪክ ዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ። በ1920ዎቹ የሞራቪያን ከተሞች በኤሌክትሪክ ለማዳረስ ሲሠራ፣ በዘርፉ የተሰማራ አንድ ወዳጁ ሁሉንም ከተሞች እጅግ አጭር በሆነ መስመር ማገናኘት የሚቻልበትን መንገድ ጠየቀው።

ቦሩፍካ መልሱን በ1926 በቼክ ቋንቋ አሳተመ። ርቀቶቹ ሁሉ የተለያዩ ከሆኑ፣ እያንዳንዱ ከተማ ከሁሉ ከሚቀርበው ከተማ ጋር ይገናኛል፤ በዚህ የተፈጠረው እያንዳንዱ ቡድንም በተራው ከሚቀርበው ሌላ ቡድን ጋር ይያያዛል። በየዙሩ የቡድኖቹ ቁጥር ቢያንስ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ 1,000 ከተሞች ከ10 በማይበልጥ ዙር ይጠቃለላሉ።

ቮይቴኽ ያርኒክ በ1930 ሌላ የአፈታት ዘዴ አቀረበ፤ ጆሴፍ ክሩስካልም በ1956 ባሳተመው ጽሑፍ የቦሩፍካን ሥራ ጠቀሰ። ቦሩፍካ ራሱ ግን ፊቱን ወደ ዲፈረንሺያል ጂኦሜትሪ፣ ኋላም ወደ አልጀብራና ዲፈረንሺያል እኩልታዎች አዞረ። በኅዳር 1939 ናዚዎች የቼክ ዩኒቨርሲቲዎችን ሲዘጉ ማስተማሩ ተቋረጠ፤ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1995 በብርኖ አረፈ።

ለሽቦ ቁጠባ የታሰበው ይህ ዘዴ በባትሪ ለሚሠሩ ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎችም ይጠቅማል። የሬዲዮ ምልክት ለመላክ የሚያስፈልገው ኃይል እንደ አካባቢው ሁኔታ በአብዛኛው ከርቀቱ 2ኛ እስከ 4ኛ ርቢ ጋር ያድጋል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ ከ4 እስከ 16 እጥፍ ይደርሳል። ከርቀት ወደ ኃይል ሲሸጋገር ግን የማገናኛዎቹ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ስለሆነም የሽቦውን ርዝመት የሚያሳንሰው ዛፍ የማገናኛዎቹን ጠቅላላ የኃይል ድምርም ያሳንሳል፤ መረቡ ሳይበጠስ መሣሪያዎቹ ሊኖራቸው የሚገባውን ከፍተኛ የስርጭት ርቀትም ወደ ዝቅተኛው ያወርዳል።

ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ቡድን ውሳኔውን የሚሰጠው ማዕከላዊ አዛዥ ሳይጠብቅ ነው። ጋላገር፣ ሃምብሌትና ስፒራ በ1983 ያቀረቡት አልጎሪዝም ይህንኑ አካሄድ መልእክት ከጎረቤት ጋር ብቻ በመለዋወጥ ይፈጽማል።

ሆኖም ዛፍ በማናቸውም ሁለት መሣሪያዎች መካከል አንድ መንገድ ብቻ ይተዋል። የሞራቪያ ከተሞች ከቦታቸው አይነቃነቁም፤ ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ግን ይርቃል፣ ባትሪውም ያልቃል፤ ያን ጊዜ መረቡ ለሁለት ይከፈላል። በመሆኑም የቦሩፍካ ዛፍ ለመረብ ነዳፊ የቁጠባን ወሰን ያሳያል እንጂ የተጠናቀቀ ንድፍ አይደለም፤ ከዛፉ በላይ የሚጨመር እያንዳንዱ ማገናኛ ለአስተማማኝነት የሚከፈል ዋጋ ነው።