ሳሙኤል ጆንሰን እና የማያልቀው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ሁሉ አንድ ቀን የሚያነሣው ጥያቄ አለ፤ ለአንድ ነገር ይህ ሁሉ ቃል ለምን አስፈለገ? ላም በመስክ ሳለች «ካው» ናት፤ ሥጋዋ ገበታ ላይ ሲቀርብ «ቢፍ» ይሆናል። በግም በሜዳ «ሺፕ»፣ በሳህን «መተን» ነው። ንጉሣዊ ለማለት ደግሞ «ኪንግሊ»፣ «ሮያል» እና «ሪጋል» የሚሉ ሦስት ቃላት አሉ። የዚህን ምክንያት ለመረዳት፣ የቃላቱን ጎርፍ ሊገድብ የተነሣውን የሳሙኤል ጆንሰንን ሕይወት መመልከት ይጠቅማል። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጆንሰን በ1709 በእንግሊዝ አገር ሊችፊልድ በተባለች ከተማ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ቢሆንም ንግዱ ስላልቀናው ቤቱ ከችግር አልወጣም። ልጁ ገና በጨቅላነቱ በአንገት ዕጢ በሽታ ተይዞ ፊቱ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ ዓይኑም ደከመ። በዚያ በደከመ ዓይን ግን የአባቱን ሱቅ መጻሕፍት እያነበበ አደገ። በ1728 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ጫማው አልቆ ጣቶቹ ይታዩ ስለ ነበር አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ በደጁ ቢያኖርለት፣ ውርደት መስሎ ስለ ተሰማው አንሥቶ ወረወረው። ከ13 ወር በኋላ ገንዘብ አጥሮት ያለ ዲግሪ ወጣ።

ከዚያ በኋላ አስተማሪ ለመሆን ደከመ። ሰውነቱ ያለ ፈቃዱ ይንቀጠቀጥና ይወራጭ ስለ ነበር የሚቀጥረው ትምህርት ቤት ማግኘት አስቸገረው። በሚስቱ ገንዘብ የራሱን ትምህርት ቤት ቢከፍትም ጥቂት ተማሪዎች ብቻ ስለ መጡ ተዘጋ። በ1737 ከተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ወደ ለንደን ሄደ። ተማሪው ዝነኛ ተዋናይ ሲሆን መምህሩ ለጋዜጦች እየጻፈ በድህነት ኖረ።

በ1746 የለንደን መጽሐፍ ነጋዴዎች ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ በ1,575 ፓውንድ ተዋዋሉት። በፈረንሳይ አገር እንዲህ ያለውን ሥራ የሠራው 40 አባላት ያሉት አካዳሚ ነበር፤ መዝገበ ቃላቱም ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቶ በ1694 ታተመ። በእንግሊዝ ግን ይህን ቃል ተቀበሉ፣ ያንን ጣሉ የሚል አካዳሚ አልነበረም። ጆንሰን በሦስት ዓመት እጨርሳለሁ አለ። ዓላማውም ቋንቋውን ማጥራትና ባለበት ማጽናት ነበር፤ በተለይ ከፈረንሳይኛ የሚገባው አነጋገር አያስደስተውም ነበር።

በጎፍ አደባባይ በተከራየው ቤት ስድስት ረዳቶች ይዞ ሥራውን ጀመረ። እርሱ መጻሕፍት እያነበበ ተፈላጊውን ቃል ያሰምርበታል፤ ረዳቶቹ ቃሉን ከነዐረፍተ ነገሩ ይገለብጣሉ። ሥራው በገፋ ቁጥር ግን ቋንቋው እንደ ጥንት ግንብ በየዘመኑ የተደራረበ ሆኖ ተገኘ። መሠረቱ በ5ኛው መቶ ዘመን ከሰሜን ጀርመንና ከዴንማርክ የመጡት ሕዝቦች ቋንቋ ነው። ከዚያ በላይ ቫይኪንጎች «ኤግ» እና «ስካይ» የመሳሰሉትን አመጡ። በ1066 ኖርማኖች አገሩን ሲይዙ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ እረኛው በራሱ ቋንቋ «ካው» ሲል ጌታው በፈረንሳይኛው «ቢፍ» አለ፤ ሁለቱም ቃላት ቀሩ። ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ላቲንን፣ መርከብና ንግድ ደግሞ የሩቅ አገር ቃላትን ጨመሩ። ከላይ ካየናቸው ሦስት ቃላት «ኪንግሊ» የጥንቱ፣ «ሮያል» የፈረንሳይኛው፣ «ሪጋል» የላቲኑ ነው። አዲሱ እንግዳ ሲገባ አሮጌው ባለቤት አልወጣም፤ ቃላቱ የበዙት በዚህ ነው።

ሦስት የተባለው ዓመት ዘጠኝ ሊሞላ ተቃረበ። በ1752 ሚስቱ ሞተችና ጆንሰን በከባድ ኀዘን ወደቀ፤ ሥራውን ግን አልተወም። መዝገበ ቃላቱ ሚያዝያ 15 ቀን 1755 በሁለት ትላልቅ ቅጾች ወጣ። ከ42,000 በላይ ቃላት ነበሩበት፤ «ቴክ» ለሚለው አንድ ግስ ብቻ 134 ፍቺ ሰጠ። ያለ ዲግሪ የወጣበት ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዓመት ዲግሪ ሰጠው። ትልቁ ነገር ግን በመቅድሙ ላይ ያሰፈረው ነው። ቋንቋን አጸናለሁ ብሎ መነሣቱ ከንቱ ተስፋ እንደ ነበረ፣ ሕያው ቋንቋን ከለውጥ የሚያግድ መዝገብ እንደሌለ በግልጽ አመነ።

ስሕተቱን ማመን አያሳፍረውም ነበር። ከፈረስ ሰኮና በላይ ያለውን የእግር ክፍል ስም ጉልበት ብሎ ፈትቶት ነበር። አንዲት ሴት ለምን እንዲህ እንደ ጻፈ ብትጠይቀው፣ ምክንያት ሳይደረድር ባለማወቄ ነው ሲል መለሰላት።

ጆንሰን ከአገራችንም ጋር ይገናኛል። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ጀሮኒሞ ሎቦ የጻፈው የጉዞ ታሪክ ትርጉም ነበር፤ የተረጎመውም ከፈረንሳይኛ ነው። በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብሯ ወጪ ገንዘብ ስላስፈለገው የአቢሲንያውን ልዑል የራሴላስን ታሪክ በጥቂት ቀናት ጻፈ። ይህን መጽሐፍ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሶታል።

ጆንሰን ታኅሣሥ 13 ቀን 1784 አርፎ በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ። በ1928 የተጠናቀቀው የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት ከ400,000 በላይ ቃላት ይዟል፤ ይህም ከጆንሰን ዘጠኝ እጥፍ ይበልጣል።

ውድ ተማሪዎች፣ እኛም «ስኳር» ስንል ከዐረብኛ፣ «መኪና» ስንል ከጣልያንኛ የመጣ ቃል እንጠራለን፤ አማርኛችን ግን አማርኛ ነው። በቤት አንድ፣ በክፍል ሌላ፣ በገበያ ሦስተኛ ቋንቋ መናገራችሁ ሸክም መስሎ ከታያችሁ የጆንሰንን ድካም አስቡ። አዲስ ቃል ስታገኙ እንደ እርሱ ከነዐረፍተ ነገሩ በደብተራችሁ ጻፉት፤ አሮጌውን ግን ከቤት አታስወጡት።