ቻርልስ ባቤጅና ሳይፈጸም የቀረው የሒሳብ መኪና

በሒሳብ መጽሐፍ መጨረሻ ላይ የሚታተመውን የሎጋሪዝም ሠንጠረዥ የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ያለ አይመስለኝም። ቁጥሩን እናምነዋለን እንጂ ማን እንዳሰላው አንጠይቅም። እኔ ግን በእንዲህ ያለ ሠንጠረዥ ስሕተት ተቈጭቶ፥ ለኮምፒዩተር መንገድ የከፈተውን አሳብ ስላፈለቀው ስለ ቻርልስ ባቤጅ ጥቂት ልጽፍ ወደድሁ። የእርሱን ዘመን የምጠቅሰው በኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።

ባቤጅ በ1791 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ከአንድ ባለ ባንክ ቤት ተወለደ። በልጅነቱ ሕመም ቢያደክመውም ሒሳብን አጥብቆ ይወድ ነበርና በ1810 ዓ.ም. ካምብሪጅ ገብቶ ተማረ። በዚያን ጊዜ መርከበኞችና የከዋክብት ተመራማሪዎች የሚገለገሉባቸው ሠንጠረዦች በሰው የሚሰሉ፥ በእጅ የሚገለበጡ፥ ለማተሚያም ፊደላቸው በእጅ የሚለቀም ነበሩ። በሦስቱም ጊዜ ስሕተት ይገባል፤ በባሕር ላይ ደግሞ አንድ የተሳሳተ ቁጥር መርከብን ከዐለት ጋር ሊያጋጭ ይችላል። በ1821 ዓ.ም. ባቤጅ ከወዳጁ ከጆን ኸርሸል ጋር ስሌት ሲያመሳክር ስሕተቱ ስለ በዛበት፥ ይህን ድካም ለመኪና ለመስጠት ቈርጦ ተነሣ።

ዘዴው ለእኛም የሚገባ ነው። 1፥ 4፥ 9፥ 16፥ 25 የተባሉትን ካሬዎች ብንወስድ ልዩነታቸው 3፥ 5፥ 7፥ 9 ነው፤ የልዩነቶቹ ልዩነት ግን ሁልጊዜ 2 ነው። እንግዲህ በ9 ላይ 2 ብንጨምር 11፥ በ25 ላይ 11 ብንጨምር 36 እናገኛለን። ማባዛት ሳያስፈልግ ሠንጠረዡ በመደመር ብቻ ይቀጥላል፤ መደመርን ደግሞ ባለ ጥርስ መዘውር ሊሠራው ይችላል።

የእንግሊዝ መንግሥት በ1823 ዓ.ም. ገንዘብ ሰጠውና 25,000 ያህል ክፍሎች የሚያስፈልጉት መኪና ተጀመረ። በ1827 ዓ.ም. ባቤጅ በአንድ ዓመት ውስጥ አባቱን፥ ሚስቱንና ልጁን በሞት አጣ፤ በኤውሮጳ አገሮች ሲዘዋወር ከቆየም በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። በ1832 ዓ.ም. ከመኪናው ሰባተኛው እጅ ያህል ተገጣጥሞ ሠራ። በማግሥቱ ዓመት ግን ክፍሎቹን ከሚሠራለት ባለ ሙያ ጋር ስላልተስማሙ ሥራው ቆመ።

በ1834 ዓ.ም. ከፊተኛው የሚበልጥ አሳብ መጣለት። አዲሱ መኪና ቁጥር የሚቀመጥበት ጎተራና ቁጥር የሚፈጭበት ወፍጮ እንዲኖረው፥ ትእዛዙንም እንደ ፈረንሳዮቹ የሽመና መኪና በተበሳ ካርድ እንዲቀበል አሰበ። የዛሬው ኮምፒዩተር አሠራር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ነገር ግን በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው፥ ፊተኛው ሳይፈጸም ስለ ኋለኛው በመናገሩ መንግሥት እምነት አጣ፤ 17,000 ፓውንድ ያህል ካወጣ በኋላም በ1842 ዓ.ም. እርዳታውን አቆመ። በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በዚሁ በወሎ በመቅደላ ላይ ሲሞቱ ባቤጅ የ76 ዓመት ሽማግሌ ነበር፤ በ1871 ዓ.ም. አንዱንም መኪና ሳይፈጽም ዐረፈ።

ይሁን እንጂ ድካሙ ከንቱ አልሆነም። ከ1847 እስከ 1849 ዓ.ም. ለሌላ ቀለል ላለ መኪና ንድፉን በጥንቃቄ ሥሎ ትቶ ነበር። የሎንዶን የሳይንስ ሙዚየም ሰዎች በዚያው ንድፍ ሠርተው በ1991 ዓ.ም.፥ በተወለደ በ200 ዓመቱ፥ የማስሊያውን ክፍል ፈጸሙት፤ መኪናውም በትክክል አሰላ።

እኔ ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር ተማርሁ። አንደኛው፥ የሚሻለውን ማየት ጥፋት አይደለም፤ የያዙትን ሳይፈጽሙ መተው ግን ረዳትን ተስፋ ያስቆርጣል። ከእኛ ከራያ ቆላ ልጆች ትምህርቱን በመካከል ትቶ ወደ ዐረብ አገር የሄደ ጓደኛ የሌለው ጥቂት ነው። በቸገረው ሰው ለመፍረድ አልጽፍም፤ አንድ ዓመት ብቻ የቀረው ጓደኛዬ ግን ያን አንድ ዓመት እንዲታገሥ እለምነዋለሁ።

ሁለተኛው፥ ሥራ የሚቋረጠው በእኛ ፈቃድ ብቻ አለመሆኑ ነው። በእኛ አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ትምህርት ሲቋረጥ፥ እኔ ያነበብሁት ከእኔ በፊት የተማረች አንዲት እኅት አጥርታ ከጻፈችው ደብተር ነበር። ስትጽፈው እኔን አላሰበችም፤ ነገር ግን ደረሰልኝ። ስለዚህ፥ ጓደኞቼ ሆይ፤ የጀመርነውን እንፈጽም፤ መፈጸም ባይቻለን እንኳ ሌላው አንሥቶ እንዲቀጥለው አድርገን እንተውለት።