የትከሻን ጅማት የሰፉት፣ ስህተታቸውን ያልደበቁት ሐኪም

ዶክተር ኧርነስት አሞሪ ኮድማን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1869 በአሜሪካ ቦስተን ከተማ ተወለዱ። ከሃርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት በ1895 ተመረቁ። ገና ተማሪ ሳሉ ከጓደኛቸው ሃርቪ ኩሺንግ ጋር ማደንዘዣ የወሰደን ሕሙም የልብ ምትና ትንፋሽ እየተከታተሉ መመዝገብ ጀመሩ። ይህ መዝጋቢነት ዕድሜ ልካቸውን አልለቀቃቸውም።

ስማቸውን ያስጠራው ትከሻ ነው። ክንድን ወደ ጎን የሚያነሳው ጅማት ከትከሻው ጣሪያ በታች፣ ከክንድ አጥንት ራስ በላይ ባለ ጠባብ ቦታ ያልፋል። ገመድ በድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲፈተግ እንደሚሳሳ ሁሉ ይህም ጅማት በዕድሜና በሥራ ብዛት ይሳሳል፤ አንድ ቀን በከባድ ሸክም ወይም በመውደቅ ይበጠሳል። ሕመሙ ሌሊት ይብሳል፤ ክንድም አልነሳ ይላል። ኮድማን በ1909 የተበጠሰውን ጅማት ከአጥንቱ ጋር መልሰው ሰፉ፤ ሥራቸውንም በ1911 አሳተሙ።

በእርሳቸው ዘመን ትከሻው በሰፊው መከፈት ነበረበት። ዛሬ ግን በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ገብተው ጅማቱ ይሰፋል፤ አርትሮስኮፒ ይባላል። ቁስሉ ትንሽ ስለሆነ ብዙዎች ቶሎ የዳኑ ይመስላቸዋል። ጅማቱ ግን ከአጥንቱ ጋር የሚዋሐደው በወራት ነው። ክንዱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት በማንጠልጠያ ይቆያል፤ ቸኩሎ ሸክም የሚያነሳ ሰው ስፌቱን መልሶ ሊበጥሰው ይችላል። ጎንበስ ብሎ ክንድን ወደ መሬት ለቅቆ በቀስታ ማወዛወዝ እስከ ዛሬ በኮድማን ስም የሚጠራ እንቅስቃሴ ነው፤ መቼ እንደሚጀመር የሚወስነው ግን ሐኪሙ ነው።

ኮድማን ሰፍተው ብቻ አላቆሙም። እያንዳንዱ ታካሚ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ክትትል ተደርጎለት መዳኑ ይረጋገጥ፤ ካልዳነም ምክንያቱ ይነገር ሲሉ ተከራከሩ። ሐሳቡ ተራ ይመስላል፤ በዘመኑ ግን ብዙ ባልደረቦቻቸውን አስቆጣ። ሹመት በችሎታ ሳይሆን በአገልግሎት ዘመን መሰጠቱን ተቃውመው በ1914 ከማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ለቀቁ። በራሳቸው አነስተኛ ሆስፒታል ካከሟቸው 337 ታካሚዎች 123 ስህተቶችን መዝግበው ለሕዝብ አሳተሙ። በ1915 በተጠራ ስብሰባ ላይ ደግሞ ራሷን አሸዋ ውስጥ ቀብራ ለሐኪሞች የወርቅ እንቁላል የምትጥል ሰጎን የተሳለችበትን ካርቱን አሳዩ። ቀልዱ ዋጋ አስከፈላቸው፤ የአካባቢውን የሐኪሞች ማኅበር ሊቀ መንበርነትና የሃርቫርድ መምህርነታቸውን አጡ።

ስለ ትከሻ የጻፉትን ትልቅ መጽሐፍ በ1934 በራሳቸው ወጪ አሳተሙ። በ1940 ሲያርፉ መቃብራቸው ስም የተጻፈበት ድንጋይ አልነበረውም። ድንጋዩ የቆመላቸው በ2014 ነው።